ሁለት ጣሳ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ከንግግሩ ሥር ይቆያል)

  

ዛሬ የምንጨዋወተው ስለ ልብ ንጽሕና ነው። ቃሉ ከበድ ይላል አይደል? «ልበ ንጹሕ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ገዳም የገባ ባሕታዊ ነው፤ በዋሻ ውስጥ ጥሬ እየቆረጠመ የሚጸልይ ሰው። እኛን፣ ገበያ ለገበያ የምንሮጠውን፣ የሚመለከተን አይመስለንም።

እኔ ግን የልብ ንጽሕና ሲነሣ ትዝ የሚለኝ የምስር መስፈሪያ ጣሳ ነው። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

(ሙዚቃው ይጠፋል)

ልጅ ሆኜ በሠፈራችን እህል የሚቸረችሩ አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆቻቸው ይህን ዝግጅት ይሰሙ ይሆናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበሬዎች ምስርና አተር በአህያ ጭነው ያመጡላቸዋል። እርሳቸው በጣሳ እየሰፈሩ ይገዛሉ። በሌላው ቀን ደግሞ ለሠፈሩ ሰው በጣሳ እየሰፈሩ ይሸጣሉ። እኔ የጆንያውን አፍ ከፍቼ እይዝላቸዋለሁ። ሥራዬ ያ ነበር፤ ደመወዜም አንድ እፍኝ ቆሎ።

ጣሳዎቹ ሁለት ነበሩ። መልካቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ፣ ዝገታቸው ሳይቀር አንድ። አንድ ቀን ግን ታጥበው ፀሐይ ላይ በአፋቸው ተደፍተው አየኋቸው። የአንደኛው ታቹ ወደ ውስጥ ተቀጥቅጦ ገብቷል። ሲቆም አያስታውቅም፤ እህል ሲሰፈርበት ግን አንድ እፍኝ ያህል ይጎድላል።

አሁን ገባችሁ አይደል? ከገበሬው ሲገዙ በደኅነኛው፣ ለጎረቤት ሲሸጡ በተቀጠቀጠው።

እኔ ታዲያ ምን አደረግኩ? ለእናቴ ነገርኳት? ለጎረቤቶቹ ተናገርኩ? ምንም አላልኩም። እርሳቸውም ማየቴ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ቆሎዬ ከአንድ እፍኝ ወደ ሁለት አደገ። ጣሳው ከሰው የሚያጎድላት እፍኝ የእኔ የዝምታ ዋጋ ሆነች ማለት ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ያ ልጅ ልቡ ንጹሕ ነበር? ሰፍሮ ያጎደለ እርሱ አይደለም። የዋሸም እርሱ አይደለም። ጆንያ ብቻ ነው የያዘው።

(አጭር ዝምታ)

መልሱን አሁን አልሰጣችሁም። እናንተም አትቸኩሉ።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ሁለት መስፈሪያ የሚናገረው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 25ን ስታነቡ፣ ሙሴ ሕዝቡን ስለ ገበያ ሲያስተምር ታገኙታላችሁ። በዚያ ዘመን ዕቃ የሚመዘነው በድንጋይ ነበር፤ ነጋዴው የሚመዝንባቸውን ድንጋዮች በከረጢት ይዞ ይዞራል። ሙሴ ታዲያ አንዱ ከበድ፣ አንዱ ቀለል ያለ ሁለት ዓይነት ድንጋይ በከረጢታቸው እንዳይዙ፣ በቤታቸውም ትልቅና ትንሽ ሁለት መስፈሪያ እንዳያስቀምጡ አዘዛቸው።

ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ሕጉ የከለከለው በሐሰተኛው ድንጋይ መመዘንን ብቻ አይደለም። መያዙን ራሱ ነው የከለከለው። «ዛሬ አልተጠቀምኩበትም» ማለት አያድንም፤ ለምን ያዝከው ነው ጥያቄው። ሁለተኛው ድንጋይ ከረጢት ውስጥ ካለ፣ ቀን የሚጠብቅ ሐሳብ አለ።

ከዘመናት በኋላ የቴቁሔው እረኛ አሞጽ ተነሣ። በትንቢቱ ምዕራፍ 8 ላይ የእስራኤልን ነጋዴዎች ይወቅሳል። ሰዎቹ ሰንበትን ያከብራሉ፣ የወር መባቻን ያከብራሉ፤ በዓሉን የሚሽር የለም። ልባቸው ግን መስፈሪያውን አሳንሰው፣ መመዘኛውን አክብደው እህል ወደሚሸጡበት ሰዓት ቀድሞ ሄዷል። ሰንበት መቼ ባለፈልን ይላሉ። ሰውነታቸው ከጸሎቱ ቦታ አለ፤ ልባቸው ጣሳው ላይ ነው። እኛስ ቅዳሴው ወይም ስብከቱ ሳያልቅ ስልካችንን ከኪሳችን ያወጣን ቀን ልባችን የት ነበር? ይህን ለራሴም ነው የምለው።

በአማርኛችን «ልቤ ሁለት ሆነ» እንላለን። ይህን አባባል ያዙልኝ። ሁለት ጣሳ ያለበት ቤት ሁለት ልብ አለበት።

(አጭር የክራር ድምፅ)

ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። «እኔ እህል ቸርቻሪ አይደለሁም፣ ጣሳ የለኝም» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ እንፈትሽ።

ስልክ ይጮኻል። «የት ደረስክ?» «ደርሻለሁ፣ ሁለት ደቂቃ!» ያን ጊዜ እኛ ካልሲ ፍለጋ አልጋ ሥር ነን። ይህ ያስቃል፤ እኔንም አስቆኛል። ግን እንቀጥል።

ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ ሄደን አንድ ነገር በፖስታ ስንሰጥ «የሻይ ነው» እንላለን። ሌላው ሰው ሰጠ ሲባል ግን «ሙስና አገር አጠፋ» ብለን እንጮኻለን። የገዛ ልጃችን ሲያጠፋ ያሳሳቱት ጓደኞቹ ናቸው፤ የጎረቤት ልጅ ሲያጠፋ ግን አስተዳደጉ ነው። እኛ ስናረፍድ መንገድ ተዘጋግቶ ነው፤ የቤት ሠራተኛችን ስታረፍድ ስንፍና ነው። ቤት ስንሸጥ በእጃችን የተቀበልነው ዋጋ ሌላ፣ ውሉ ላይ የሰፈረው ዋጋ ሌላ።

ሰፈረ! ቋንቋችን ራሱ ይናገራል። እህልም ይሰፈራል፣ ቃልም ወረቀት ላይ ይሰፍራል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ያሉት አባቶቻችን እህሉን ብቻ አስበው አይመስለኝም።

አያችሁ? ብዙዎቻችን ሁለት ጣሳ አለን። ሌላውን የምንሰፍርበት አንድ፣ ራሳችንን የምንሰፍርበት አንድ። ልዩነቱ ሲቆሙ አያስታውቅም። ሲደፉ ነው የሚታየው።

ጌታችን በተራራው ስብከት፣ ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ፣ ልባቸው የነጻ ሰዎችን ብፁዓን ይላቸዋል፤ ተስፋቸውም እግዚአብሔርን ማየት ነው። ንጹሕ ተብሎ የተተረጎመው የግሪክኛ ቃል «ካታሮስ» ይባላል። እድፍ የሌለበት ማለት ነው፤ ግን እዚያ አያበቃም። ያልተቀላቀለ፣ ባዕድ ነገር ያልገባበት ማለትም ነው።

ይህን ለእኛ ማስረዳት ቀላል ነው። ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ ማር ውስጥ ስኳር፣ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ያላጋጠመው የገበያ ሰው አለ? እንግዲህ አስቡት፤ ሙዝ ክፉ ነገር ነው? አይደለም፤ ሙዝማ ጥሩ ምግብ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ቅቤ ነኝ ሲል ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ቦታ ስለሆነ። የልብ ንጽሕና ማለት ልባችን ውስጥ ሐዘን፣ ጥርጣሬ፣ ድካም፣ ፈተና አይኑር ማለት አይደለም። ደክሞት «ደክሞኛል» የሚል ሰው፣ ቂም ይዞ «ይቅር ማለት አቅቶኛል፣ ጸልዩልኝ» የሚል ሰው አልተቀላቀለም። ሙዙን ሙዝ ብሏል። የተቀላቀለው፣ ቂሙን ይዞ ጉንጭ እየሳመ ሰላም የሚለው ነው።

ኦርቶዶክሳውያን አድማጮቻችን መገበሪያውን ታውቁታላችሁ። ለቅዱስ ቁርባን የሚሆነው ስንዴ በጥንቃቄ ይለቀማል፤ እንክርዳዱ፣ ጠጠሩ፣ የተሰበረው ይወጣል፤ ተፈጭቶም በቤተ ክርስቲያኑ ቤተ ልሔም ይጋገራል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ስንዴው ራሱን አይለቅምም። የሚለቅመው እጅ፣ የሚያየው ዓይን የሌላ ነው። ይህን አትርሱት፤ ወደ ንጉሡ ዳዊት ቤት ይዘነው እንገባለን።

(የበገና ድምፅ፣ ለጥቂት ሰከንድ)

ዳዊት ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ። የኬጢያዊውን የኦርዮን ሚስት ቤርሳቤህን ወሰደ። እንደ ፀነሰች ሲሰማ ነገሩን ለመሸፈን ኦርዮን ከጦር ሜዳ አስጠራውና ቤትህ ግባ አለው። ኦርዮ ግን ጓደኞቹ ሜዳ ላይ አድረው እርሱ ቤቱ ገብቶ መተኛት አልሆነለትም፤ ከንጉሡ ደጅ አደረ። በመጨረሻ ዳዊት ለጦር አለቃው ለኢዮአብ ደብዳቤ ጻፈና ለራሱ ለኦርዮ አስያዘው። ኦርዮ የሞት ፍርዱን እንደ አደራ ይዞ ሄዶ አደረሰ። አደራ ተቀባዩ ሎሌው ሆነ፤ አደራ በላው ንጉሡ።

ከዚያ ነቢዩ ናታን መጣ። በቀጥታ አልወቀሰም፤ ወግ ነው ያወራለት። 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 12 ላይ አለላችሁ። በአንድ ከተማ ብዙ መንጋ ያለው ሀብታምና አንዲት ግልገል ብቻ ያለችው ድኻ ነበሩ። ግልገሏ ከድኻው እንጀራ ትበላለች፣ ከጽዋው ትጠጣለች፣ በእቅፉ ትተኛለች፤ እንደ ልጁ ናት። ሀብታሙ እንግዳ መጣበት። ከራሱ መንጋ ለማረድ ሳሳና የድኻውን ግልገል ወስዶ አረደ።

ዳዊት ይህን ሲሰማ ምን ሆነ? ነደደ! ሰውየው ሞት ይገባዋል አለ፤ ስለ ግልገሏም አራት እጥፍ ይክፈል ብሎ ፈረደ።

አራት እጥፍ! ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ዳዊት ከራሱ ፈጥሮ አይደለም የተናገረው፤ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 በግ ሰርቆ ያረደ ወይም የሸጠ አራት እጥፍ እንዲመልስ ያዛል። ንጉሡ ሕጉን ያውቃል። ፍርዱ ትክክል ነው። መስፈሪያው ደኅነኛው ጣሳ ነው፤ የጎደለ ነገር የለውም። ለራሱ ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ሲሰፍር የነበረው በሌላኛው ነበር። ያን ጊዜ ናታን፣ ያ ሀብታም ሌላ ማንም ሳይሆን ንጉሡ ራሱ መሆኑን ነገረው። ጣሳው ተደፋ።

ዳዊት እንግዲህ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ናታንን ማስወጣት፣ ማሰር ይችል ነበር። በደልኩ አለ እንጂ።

ከዚያ የንስሐ መዝሙሩን ጸለየ። በግእዙ ዳዊት 50ኛው ነው፤ በሌላው አቆጣጠር 51ኛው። እዚያ ውስጥ እንዲታጠብ ይለምናል፣ እንዲነጻ ይለምናል። ስለ ልቡ ሲለምን ግን ቃሉን ይቀይራል፤ ንጹሕ ልብ እንዲፈጠርለት ነው የሚለምነው። በዕብራይስጥ የተጠቀመበት ቃል በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይና ምድርን ፈጠረ የሚለው ቃል ነው። ዳዊት የገባው ነገር አለ። ልብስ ይታጠባል፤ ሁለት የሆነን ልብ አንድ ማድረግ ግን የፈጣሪ ሥራ ነው።

እስካሁን የተባባልነውን ላስታውሳችሁ። ሁለተኛውን ጣሳ መያዝ ራሱ ጥፋት ነው አልን። ንጹሕ ማለት ያልተቀላቀለ ማለት ነው አልን። ስንዴ ራሱን አይለቅምም፤ ዳዊትም ያለ ናታን ራሱን አላየም አልን።

ናታን አላችሁ? ፊት ለፊት የሚነግራችሁ፣ እናንተም የማታባርሩት ሰው?

(አጭር ዝምታ፤ ከዚያ ሙዚቃ)

ተመልሰናል። አሁን ደግሞ ከኢየሩሳሌም ቤተ መንግሥት ወርደን ወደ ኢያሪኮ እንሂድ። አንድ አጭር ሰው ሾላ ላይ ወጥቶ ይጠብቀናል።

ሾላን እናውቀዋለን፤ በሀገራችን ወንዝ ዳር፣ ገበያ መካከል የሚበቅል፣ በስሙም ገበያ የተሰየመለት ዛፍ ነው። ቅርንጫፉ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ስለሚጀምር ለአጭር ሰው ይመቻል። ዘኬዎስ እዚያ ላይ ወጣ። የቀራጮች አለቃ ነው፤ ሀብታም ነው። በዚያ ዘመን ቀራጭ ለሮም መንግሥት የሚሰበስበው ልክ አለ፤ ከልኩ በላይ የሚያስከፍለው ደግሞ ለራሱ ይገባል። መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮች ሊጠመቁ ሲመጡ ከታዘዘላቸው አብልጠው እንዳይወስዱ የመከራቸው ለዚህ ነው። የቀራጭ ሁለተኛ ጣሳ ይህች ነበረች።

ጌታችን ከዛፉ ሥር ቆሞ ጠራው፤ ዛሬ በቤትህ እውላለሁ አለው እንጂ ስለ ገንዘብ አንዲት ቃል አላነሣም። ሉቃስ ምዕራፍ 19ን አንብቡት፤ «መልስ» አላለውም። ዘኬዎስ ግን ራሱ ቆመና የሀብቱን እኩሌታ ለድኾች እንደሚሰጥ፣ የበደለውም ሰው ካለ አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ።

አራት እጥፍ። ሰማችሁ? የዳዊት ቁጥር ተመልሶ መጣ።

ሕጉን እንይ። በኦሪት ዘኁልቍ ምዕራፍ 5 መሠረት በደሉን ተናዞ የሚመልስ ሰው የሚጠበቅበት ዋናውንና ከዋናው አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። በእኛ ገንዘብ እናስበው፤ 100 ብር ያጭበረበረ ሰው ተጸጽቶ ሲመጣ 120 ብር ከመለሰ በቂ ነው። ዘኬዎስ ግን 400 እመልሳለሁ ነው ያለው። ቀላሉ ሕግ እያለለት የበግ ሌባውን ሕግ ለራሱ መረጠ።

እንግዲህ አስተያዩአቸው። ዳዊት ጥብቁን መስፈሪያ ለሌላ ሰው አወጣው። ዘኬዎስ ጥብቁን ለራሱ አወጣው። እኔ የልብ ንጽሕናን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ዘኬዎስ «አዝናለሁ» አላለም፣ አላለቀሰም፤ ቢያንስ አልተጻፈልንም። ሒሳብ ነው የሠራው። ንስሐው ቁጥር ነበረው።

በነገራችን ላይ፣ «ልቤን እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል አባባል አለን። እንደ ሠፈሩ ሰው ሁሉ እኔም እለዋለሁ። መቼ ነው የምንለው ግን? ብዙ ጊዜ ሥራችን ሲወቀስ ነው፤ «ሥራዬን ተዉት፣ ልቤን ግን እርሱ ያውቃል» ለማለት። ነቢዩ ሳሙኤል በቤተ ልሔም፣ በእሴይ ቤት፣ የእሴይን ልጅ ኤልያብን ቁመቱን አይቶ ለመንግሥት ሲያስበው፣ እግዚአብሔር እርሱ እንደ ሰው ፊትን ሳይሆን ልብን እንደሚያይ ነገረው። ያን ዕለት ቃሉ ለኤልያብ ማጽናኛ አልሆነለትም፤ ከምርጫው ውጭ አደረገው። ልቤን ያውቃል ስንል መደንገጥም አለብን ማለት ነው።

(የክራር ድምፅ)

አሁን ከእኛው ቤት አንድ ትምህርት ልውሰድ፤ ከዕቁብ።

አሥር ሆነን ዕቁብ ጀመርን እንበል። በሳምንት እያንዳንዳችን 1,000 ብር እንጥላለን፤ በየሳምንቱ ዕጣ የወጣለት 10,000 ብር ይወስዳል። የመጀመሪያው ሳምንት ዕጣ ለእኔ ወጣ። ደስ ብሎኛል፤ ገንዘቡን ተቀበልኩ፤ ፍሪጅ ገዛሁበት። ገና ዘጠኝ ሳምንት እጥላለሁ።

ዕቁብ የጣለ ሰው ይህን ያውቃል። ከደረሰህ በኋላ የምትጥለው 1,000 ብር፣ ሳይደርስህ ከምትጥለው 1,000 ብር ይከብዳል። ብሩ ያው ብር ነው። ምን ተለወጠ? መጀመሪያ የምጠብቀው ነገር ነበረኝ፤ አሁን የምጠብቀው የለም፤ የቀረኝ ቃሌ ብቻ ነው። ዕቁቡ ዋስ የሚያስጠራው፣ ዳኛና ጸሐፊ የሚሾመው ያቺን ከተቀበሉ በኋላ የምትመጣ ልብ ስለሚያውቃት ነው።

ክርስትናችንም እዚያ ላይ ነው የሚፈተነው ብዬ አስባለሁ። ሥራ ፍለጋ ላይ ሳለን፣ ሐኪም ቤት ደጅ ላይ ሳለን፣ ቪዛ ስንጠብቅ ልባችን አንድ ነው። ስለት እንሳላለን፣ እንጾማለን፣ የተጣላነውን እንታረቃለን። ሲሳካስ? ሉቃስ ምዕራፍ 17 ላይ አሥር ለምጻሞች ነጹ፤ ሊያመሰግን የተመለሰው አንድ ነበር፤ እርሱም ሳምራዊ። ዘጠኙ ዕቁባቸው ደረሳቸው፤ ጠፉ።

እናንተ ዛሬ ያላችሁት ከዕጣው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህን ጥያቄ ማታ ተኝታችሁ አስቡት።

(አጭር ዝምታ)

አንድ አደጋ አለ፤ ሳላነሣው ማለፍ አልፈልግም። ስለ ሐቀኝነት ብዙ የሚያወራ ሰው የሰውን ጣሳ እየደፋ ወደማየት ይሄዳል። ጎረቤቱን፣ ባልደረባውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ኮሚቴ ሁሉ መርማሪ ይሆናል። እኔ እንዲህ ያለ ሰው ሆኜ አውቃለሁ፤ ማንም ቡና አይጠራኝም ነበር።

ስለዚህ ሙሴ ጸሊምን ላስታውሳችሁ። ኢትዮጵያዊው ሙሴ ይሉታል፤ በየዓመቱ ሰኔ 24 ይታሰባል። ባሪያ ነበር፤ ከዚያ የወንበዴዎች አለቃ ሆነ፤ በኋላ በግብፅ፣ በአስቄጥስ በረሃ መነኰሰ። አንድ ጊዜ አንድ ወንድም አጠፋና መነኰሳቱ ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ። ሙሴን አስጠሩት፤ እንቢ አለ። እንደገና ላኩበት። ያን ጊዜ ቀዳዳ ዕቃ አሸዋ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ፤ አሸዋው ከኋላው እየፈሰሰ። ምንድን ነው አባታችን ቢሉት፣ የገዛ ኃጢአቱ ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ግን እንደማያየው፣ በሌላው ላይ ሊፈርድ መጥራታቸውም እንዳስገረመው ነገራቸው። መነኰሳቱ ያን ወንድም ማሩት።

በዚያው በረሃ፣ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ ዮሐንስ ካሲያን የሚባል መነኰስ አባቶችን እየጠየቀ ዞሯል። በኋላ የሰማውን በ24 ጉባኤያት ጻፈው። የመጀመሪያው ውስጥ፣ የገዳም ሕይወት ሁሉ የሚያነጣጥረው ወደ ልብ ንጽሕና ነው ይላል፤ ጾሙም ስግደቱም መሣሪያ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ያነሣል፤ እስካሁን ፈገግ ያሰኘኛል። ብዙ ወርቅና መሬት ንቀው የመነኰሱ ሰዎች አሉ፤ እነዚያው ሰዎች በኋላ ለአንዲት ቢላዋ፣ ለአንዲት መርፌ፣ ለመጻፊያ ብዕር ከወንድማቸው ጋር ይጣላሉ።

ርስት ትቶ በብዕር መጣላት! ታዲያ እኛ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሥጋና ወተት ትተን፣ ለፓርኪንግ ቦታ ከጎረቤት ጋር ስንሰዳደብ ምን ያስደንቃል? ሥጋውን ትተነዋል፤ ብዕሯን ግን ጨብጠናታል።

ለዚህ ሳምንት ከባድ ሥራ አልሰጣችሁም። አንዲት ጣሳ ብቻ ፈልጉ፤ የራሳችሁን። የሰውን አይደለም፣ የራሳችሁን! ምናልባት የሥራ ሰዓት ፊርማ ናት። ምናልባት ያልተመለሰች ብድር ናት፤ አበዳሪው ረስቷታል፣ እናንተ አልረሳችኋትም። አግኝታችሁ ስታበቁ ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለምታምኑት መንፈሳዊ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ንገሩ። እንደ ዘኬዎስም ቁጥር ይኑረው፤ ለማን፣ ስንት፣ መቼ።

(የመለያ ሙዚቃው በዝግታ ይጀምራል)

ከመሰነባበታችን በፊት፣ የእኒያን እናት ነገር ሳልጨርስላችሁ ብሄድ ትቀየሙኛላችሁ።

አንድ ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። እናቴ ምስር እንድገዛ ላከችኝ። ሰፈሩልኝ። የሰፈሩልኝ ግን በደኅነኛው ነው፤ እስኪፈስ ድረስ ሞልተው፤ በላዩ ደግሞ አንድ እፍኝ ምርቃት። ወደ ቤት ወስጄ እናቴ እንቅብ ላይ ስትገለብጠው ዓይኗን አላመነችም። «ተሳስተው ነው፤ ሂድ ትርፉን መልስላቸው» አለችኝ። ተሸክሜ ተመለስኩ።

እርሳቸው ምስሩን አልተቀበሉኝም። «ስሕተት አይደለም በላት» ብቻ አሉኝ። የንስሐ አባታቸው ምን እንዳሏቸው አላውቅም፤ ያ የእርሳቸውና የእግዚአብሔር ነው። ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። የተቀጠቀጠው ጣሳ ከመደብሩ ጠፍቶ ነበር። ስወጣ በሩ አጠገብ አየሁት፤ ታቹ በምስማር ተበስቶ፣ አፈር ተሞልቶ፣ ጤና አዳም ተተክሎበታል።

ቆሎዬ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ አንድ እፍኝ ተመለሰ።



(ሙዚቃው ከፍ ይልና ያበቃል)